ከጉጉቱ ዋካ ያልተመለሰው ሰው

በትሩሂዮ ፖሊስ የወንጀል ምርመራን ወግና ማዕረግ የሰጡት ሻምበል ኢላሪዮ ቤካ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ሻለቃ ላውሬያኖ ሳቹን፣ በመጨረሻም መቶ አለቃ ዴሜትሪዮ አሳባቼ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አስከሬን በዓይናቸው ሳያዩ የማንንም ሰው ስም ከነፍሰ ገዳይነት ጋር አላያያዙም። ተጠርጣሪ ቆሞ እነርሱ ተቀምጠው ቃል አልተቀበሉም። አለቃ ስለ ጮኸ፣ ጋዜጣ ስለ ጻፈ ወይም ሕዝብ ደጅ ስለ ተሰበሰበ ምርመራ አላጣደፉም። ኢንስፔክተር ሄርሚኒዮ ዋማንቹሞ በእነርሱ ሥር ያደጉ የመጨረሻው መርማሪ ሲሆኑ፣ በዚያ እሑድ ጠዋት በካኛቬራል ጣቢያ ጠረጴዛቸው ላይ የቀረበላቸው ግን አስከሬን ሳይሆን ደም የነካው የሳር ባርኔጣ ነበር።

«የሟች ባርኔጣ ነው» አለች ምክትላቸው ማሪሌና ኡርቢና።

«ሟች ማን ነው?»

«ኤውሎሂዮ ኚኬ። በጉጉቱ ዋካ፣ በጥንቱ ቤተ መቅደስ ቁፋሮ፣ የሠራተኞች አለቃ። ከአርብ ጀምሮ ያየው የለም።»

«ያየው የለም ማለትና ሞቷል ማለት አንድ ነው?»

«አለቃ፣ ባርኔጣው እኮ የተገኘው ካሲሚሮ ኩምፓ ቤት ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ። ሰውየው በወጣትነቱ የጥንቶቹን መቃብር እየሰበረ ሸክላ ሲሸጥ የኖረ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጠላ ቤት ውስጥ ከኤውሎሂዮ ጋር አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ነበር። ምን ቀረ?»

«ሰውየው ቀረ» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ሟች የምትለዋን ቃል ለጊዜው አስቀምጫት።»

ከደጅ ዝናቡ የጣቢያውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ሕፃናት ዝናብ ሳያዩ በሚያድጉበት በዚህ የባሕር ዳር በረሃ፣ ባሕሩ ከሞቀ ወዲህ ሰማዩ የተቀደደ መስሏል። የጭቃ ቤቶች እየሟሙ ይወድቃሉ፤ ወንዙ አንዱን ድልድይ ወስዶ ሌላውን እየነቀነቀ ነው። አቃቤ ሕጉ በስልክ የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ተጠርጣሪው ድልድዩ በወንዙ ሳይወሰድ፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ወደ ከተማው እስር ቤት ይተላለፍ። ከማረፊያ ክፍሉ የታሰሩት የዶን ካሲሚሮ ሳል ይሰማል። እንዲህ የሚስል ሽማግሌ በዚያ እርጥብ ወህኒ ምን ያህል እንደሚቆይ ለኢንስፔክተሩ የሚነግራቸው አላስፈለገም።

ሽማግሌውን አስመጥተው ወንበር ሰጧቸው።

«ዶን ካሲሚሮ፣ ደሙ የማን ነው?»

«የዳክዬ።»

ማሪሌና ፈገግ አለች። «ዳክዬዋ ስሟ ኤውሎሂዮ ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ የሊማ ሰው ነሽ መሰለኝ። በእኛ አገር ዳክዬ ይታረዳል፣ ይበላል። ስም አይወጣለትም።»

«ዶን ኤውሎሂዮ የት ሄዱ?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

የሽማግሌው ዓይን ከጠያቂው ላይ ሳይሆን ከባርኔጣው ላይ ነበር። ማሪሌና ጠረጴዛውን ለማስለቀቅ ባርኔጣውን አንስታ ወደ ወለሉ ስታጎነብስ፣ ዶን ካሲሚሮ በካቴና የታሰሩ እጆቻቸውን ዘርግተው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ከመሬት አታስነኪው። እለምንሻለሁ፣ ልጄ።»

ሲያዙ አልለመኑም፤ ሲታሰሩም አልለመኑም። ኢንስፔክተሩ ይህን ልብ አሉ።

«ይስሙኝ፣ ዶን ካሲሚሮ። ከተናገሩ ነገ ከቤትዎ ነዎት። ዝም ካሉ ድልድዩን ይሻገራሉ፤ በዚህ ሳልዎ ደግሞ ተመልሰው አይመጡም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ዝምታዬ ለራሴ አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩና ማሪሌና ወደ ዋካው ወጡ። ጥንታውያኑ ሞቼዎች በሚሊዮን በሚቆጠር የጭቃ ጡብ የቆለሉት ቤተ መቅደስ በዝናቡ ጠቁሮ እንደ ታመመ ዝሆን ተኝቷል። ዋካውን ዝነኛ ያደረገው ባለ ሥዕሉ ግድግዳ አይታይም። ከግድግዳውና ከፊት ለፊቱ ካለው የጡብ ቁልል መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ እስከ አፉ በአሸዋ ተሞልቶ፣ ከላይ በሸራ ተሸፍኖ፣ ጫፉ በወፍራም ሳንቃ ተዘግቷል። ኢንስፔክተሩ ግድግዳው መጀመሪያ የተገለጠ ዕለት ጥበቃ ላይ የነበሩ ወጣት ፖሊስ ነበሩ። አንገታቸው በገመድ የተያያዘ ራቁታቸውን የሚሄዱ ምርኮኞች፣ ከበላያቸው የጉጉት ዓይን ያለው ቀይና ቢጫ ፊት፤ ቀለሙ የትናንት ይመስል ነበር። ያን ዕለት እንጀራቸው የሆነውን ጠመንጃ ግድግዳ አስደግፈው አፋቸውን ከፍተው እንደ ቆሙ አይረሱም።

የቁፋሮው ኃላፊ ኢንጂነር ፋቢያን ሌስካኖ በትሕትና ተቀበላቸው። ወጣት ነው፤ ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ሁለቱም መዳፎቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«አርብ ቀትር ላይ ደመናውን ሳይ ግድግዳውን ለመቅበር ወሰንኩ» አለ። «ሠራተኞቹ ለምሳ ወደ መንደር ወርደው ስለ ነበር እነርሱን አልጠበቅሁም። የጭነት መኪናው ከላይኛው እርከን አሸዋውን ገለበጠ። ከምሳ ሲመለሱ በአካፋ አስተካከሉ፤ የቀረውን እኔ እስኪመሽ ጨረስኩ።»

«ዶን ኤውሎሂዮስ?»

«ከምሳ በፊት ነው ያየኋቸው። ከዚያ ጠላ ቤት ሄደው ይሆናል።»

«መተላለፊያው በሳንቃ ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን ማን አየ?»

«እኔ ራሴ። ባዶ ነበር።»

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«የድንኳን ገመድ። ነፋሱ ሸራውን ሲነጥቀኝ።» ከዚያም ሳይጠየቅ ቀጠለ። «ያውቃሉ፣ ኢንስፔክተር፤ ጥንቶቹ ራሳቸው ግድግዳቸውን ይቀብሩት ነበር። አንዱ ዘመን ሲያልፍ ይሞሉትና በላዩ ሌላ ይሠራሉ። እስከ ዛሬ የቆየው ስለ ተቀበረ ነው። አንድ ዝናብ ቢያገኘው በአንድ ቀን ጭቃ ነው። በዓለም ላይ ሁለተኛ የለውም።»

ከሠራተኞቹ መካከል ኔሜሲዮ የሚባለውን ከመሣሪያ ቤቱ በረንዳ ሥር አገኙት።

«ኢንጂነሩ ደግ ሰው ነው» አለ ኔሜሲዮ። «ካፊያው ሲጀምር ‹ሂዱ፣ የየቤታችሁን ጣሪያ አድኑ› ብሎ ሰደደን። ራሱ አካፋ ይዞ ቀረ።»

«አካፋ ይችልበታል?»

«ምን ይችላል፤ እንደ ሾርባ ማንኪያ ነው የሚይዘው። ስቀንበት ነው የወረድነው።»

«ዶን ኤውሎሂዮ አብረዋችሁ አለመኖራቸውን አላያችሁም?»

«አይተናል።»

«ታዲያ ለምን አልጠራችኋቸውም?» አለች ማሪሌና።

ኔሜሲዮ እንደ ሕፃን ተመለከታት። «እዚህ ሰው በስሙ አይጠራም፣ እመቤት። ዋካው ስም ይሰማል። የሰማውን ስም ደግሞ ያስቀራል። አለቃችን እናንተ ካሰራችሁት ወዳጁ ጋ ይሆናል ብለን ሄድን።»

ጣቢያ ሲመለሱ ወሬ ደርሶ ጠበቃቸው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ቅዳሜ ማለዳ ዶን ኤውሎሂዮን የሚመስል፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ወደ ቺክላዮ አሳፍሯል። ማሪሌና ፊቷ በራ፤ ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀች። በመጨረሻ ሽማግሌው ልጁን ለመጠየቅ የሄደ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ተገኘ።

«እንግዲህ የቀረን ካሲሚሮ ብቻ ነው» አለች ስልኩን አስቀምጣ። «ነገ ይሂድ፣ አለቃ። ከተማ ያናግሩታል።»

ኢንስፔክተሩ ዓይናቸውን ባርኔጣው ላይ ጣሉ። ባርኔጣው ለምን ከመሬት እንዳይነካ ተለመነ? የኔሜሲዮ ቃል አንድ የተረሳ ነገር ቀስቅሶባቸዋል። አባታቸው ዋንቻኮ ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ፤ ከአጎታቸው ጋር ሲያወሩ ኢንስፔክተሩ በልጅነታቸው የሰሙት ነው። ዋካውን ራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ራሱን ገልጦ ይገባል፤ ባርኔጣውን ለወዳጁ ይሰጣል። ወዳጁ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪቀበለው ድረስ ባርኔጣውን ከመሬት አያስነካም፣ ሰውየው የት እንደ ገባም ለማንም አይናገርም። ከተናገረ የገባው ሰው አይወጣም። ያዡን ከዚህ አደራ የሚፈታው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገባው ሰው ሚስት። እርሷ ባርኔጣውን ከተቀበለች ያዡ ነፃ ነው። ነገር ግን ባርኔጣውን የተቀበለች ሚስት ሐዘኗን ተቀበለች ማለት ነው።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከማሪሌና ጋር ወደ ዶኛ ሳቢና ቤት ሄዱ። የዶን ኤውሎሂዮ ሚስት የሚያፈስሰውን ጣሪያ በባልዲና በድስት እየተቀበሉ ነበር። ከኢንስፔክተሩ እጅ ላይ ያለውን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ።

«አልቀበልም።»

«ዶኛ ሳቢና…»

«አልቀበልም አልኩ። ካሲሚሮ እስከያዘው ድረስ ባሌ መንገድ ላይ ነው። ከተቀበልኩ እኔ ገደልኩት።»

«ካሲሚሮ ዛሬ ቀትር ላይ ይወሰዳሉ። ሳሉ ብሶባቸዋል።»

«ይታገሥ። ለወዳጁ ነው።»

«እማማ፣ ባርኔጣ እኮ ነው» አለች ማሪሌና ቀስ ብላ።

«ለአንቺ ነው ባርኔጣ የሆነው።»

ኢንስፔክተሩ ከደጃፉ አላለፉም፤ ውሃው በጀርባቸው ይወርዳል። «አንድ ነገር ልጠይቅዎና እሄዳለሁ። ከአርብ ጀምሮ ሁላችንም ዝም ብለንላቸዋል። ሠራተኞቹ ዝም አሉ፤ ካሲሚሮ ዝም አሉ፤ እርስዎም ዝም አሉ። በዚህ ዝናብ ውስጥ ዝምታችን እያወጣቸው ነው ወይስ እዚያው እያስቀራቸው?»

ዶኛ ሳቢና የያዙትን ድስት አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ከባልዲው ታጠቡ፤ በቀሚሳቸው አደረቁ፤ ዘረጉት። ባርኔጣውን ተቀብለው ባላቸው ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ አኖሩት። ቆመውም እንደ ሐዘንተኛ ሹሩባቸውን መፍታት ጀመሩ።

«ተቀብላለች በሉት» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

ዶን ካሲሚሮ በጣቢያው ይህን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አርብ ቀትር ላይ ነው የገባው» አሉ። «ግድግዳው ሊሸፈን ሲል ሁልጊዜ ይገባል። ትምባሆውንና የኮካ ቅጠሉን ይዞ እስከ መተላለፊያው ዳር ይሄድና ፈቃድ ይለምናል። ጠላ ቤት የተጣላነው በዚሁ ነው። አርጅተሃል፣ ለልጅ አስተምረህ ተው ስለው ሰደበኝ። ሊታረቀኝ ነው ባርኔጣውን ለእኔ የሰጠኝ። ሲወጣ አብረን እንድንበላ ዳክዬውን አረድኩ። እጄን ሳልታጠብ ባርኔጣውን ነካሁት፤ ደሙ ያ ነው።»

«ሳይወጣ ሲቀር እንኳ አልተናገሩም?» አለች ማሪሌና። ድምፅዋ የትናንቱ አልነበረም።

«ከተናገርኩ ይቀራል ብዬ ነዋ።» ሽማግሌው ተራ በተራ ተመለከቷቸው። «ዝም ብዬ… እኔ ነኝ ያስቀረሁት?»

ማሪሌና ሄዳ ካቴናቸውን ፈታች።

«አለቃ፣ የአቃቤ ሕጉ መኪና ድልድዩ ላይ ደርሷል» አለች ወደ ውጭ ሲወጡ። «ምን ልበላቸው?»

«ገና አስከሬን አላየሁም በያቸው።»

ሕዝቡ ከኢንስፔክተሩ በፊት ወደ ዋካው ደርሶ ነበር፤ ዶኛ ሳቢና ሹሩባቸውን ፈትተው በመንደሩ ማለፋቸው በቂ ነበር። ኢንጂነር ሌስካኖ ከሳንቃው ፊት እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል።

«ይህ እብደት ነው። ሳንቃው ከተነሣ አሸዋው በሙሉ ይፈስሳል፤ ግድግዳው ራቁቱን ይቀራል። ዝናቡ እስኪቆም አንድ ሳምንት ይታገሡኝ። ሞተው ከሆነ ሞተዋል፤ ግድግዳው ግን ገና አልሞተም።»

«ትናንት ባዶ ነበር አላሉኝም?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

ኢንጂነሩ ወደ ሳንቃው ተጠጋ።

ማሪሌና ወደ ጆሮአቸው ቀረበች። «አለቃ፣ ካልተገኙስ? ይህን ግድግዳ ያፈረሰ ሰው ጡረታ አይደለም፣ መቃብርም አያገኝም።»

«ካልተገኙ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን። ክፈቱ።»

ወንዶቹ ሸራውን በእንጨት ወጥረው ጣሪያ ሊሠሩ ሞከሩ፤ ነፋሱ ሁለት ጊዜ ነጥቆ ወሰደው። ኔሜሲዮ የመጀመሪያውን ሳንቃ ነቀለ። አሸዋው ታሥሮ እንደ ተፈታ እንስሳ ገንፍሎ ወጣ። ከኋላው ግድግዳው ከላይ ወደ ታች ተገለጠ፤ የጉጉት ዓይን ያለው ፊት ለአንድ አፍታ ሙሉ ሆኖ ታየ፤ ወዲያው የመጀመሪያው ውሃ በግንባሩ ወረደና ቀዩ ከቢጫው ጋር ተቀላቀለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዞሮ ቆመ። ኢንስፔክተሩ ግን ዓይናቸውን አልመለሱም፤ ያዘዙትን ማየት ግዴታቸው ነበር።

ዶን ኤውሎሂዮ ከሳንቃዎቹ አጠገብ ነበሩ፤ ከላይ በቁፋሮ ያልተነሣ ጡብ ጣሪያ በሆነበት ጠባብ ማዕዘን። አሸዋው እስከ ደረታቸው ይዟቸው ቆመው ነበር የሞቱት። ቀኝ እጃቸው ድንጋይ እንደ ጨበጠ ነው። ኔሜሲዮ አካፋውን ጥሎ አሸዋውን በእጁ ይዝቅ ጀመር፤ እያለቀሰ መሆኑን የሚያውቅ አይመስልም።

ኢንስፔክተሩ የተነቀለውን ሳንቃ ገለበጡት። ውስጠኛው ፊት ተደብድቧል። እንጨቱ ተፈልፍሎ ነጩ ታይቷል፤ መጀመሪያ ጠንካራና ጥልቅ፣ ዝቅ እያለ ሲሄድ የተፋቀ ብቻ። ጣታቸውን በጉድጓዶቹ ላይ አሳለፉ። ደረቱ በአሸዋ የታመቀ ሰው መጮህ አይችልም፤ እጁ ግን ይሠራል። ወደ ኢንጂነሩ ሄደው ያለ ቃል የአንዱን መዳፍ ፋሻ ፈቱ። ገመድ ቆዳን በአግድም ይልጣል፤ ይህ ግን ከየጣቱ ሥር ውሃ ቋጥሮ የፈረጠ የአካፋ ቁስል ነበር።

«ሠራተኞቹን ለምን ሰደድካቸው?» አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉት።

«ጣሪያቸውን…»

«ለምን ሰደድካቸው?»

ኢንጂነሩ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠ። «ውስጡን አላየሁም ነበር። ጡብ እርጥበት ሲነካው ይሰነጠቃል። ድምፅ አለው። የጡብ ድምፅ ነው ብዬ ነበር።»

«መቼ ነው የጡብ አለመሆኑን ያወቅኸው?»

«ደግሞ ሲያንኳኳ። ጡብ ዝም ብሎ አይጠብቅም። እርሳቸው አንኳኩተው ዝም ይሉ ነበር፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።» በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ። «ካፊያው ጀምሯል። ሠራተኞቹ ከሰሙ ይከፍታሉ። ከተከፈተ ደግሞ… ያው፣ እያያችሁት ነው።»

«ሰምቼ ሰደድኳችሁ ነው የምትለን?» አለ ኔሜሲዮ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ። «እኛ ደግ ነው ስንልህ?»

ሁለት ሰዎች አካፋቸውን አንሥተው ተራመዱ። ማሪሌና በመካከላቸው ቆመች፤ እጇ መሣሪያዋ ላይ አልነበረም፤ ሁለቱንም መዳፎቿን ብቻ ዘርግታ ነበር። ከጀርባቸው ሕዝቡ ተከፈለ፤ ዶኛ ሳቢና ፀጉራቸው ተፈትቶ በትከሻቸው ላይ እንደ ወረደ መጡ። ወደ ባላቸው አልሄዱም። ኢንጂነሩ ፊት ቆሙ።

«እስከ መቼ አንኳኳ?»

ኢንስፔክተሩ ሊያስቆሟቸው ይችሉ ነበር። ይህ ጥያቄ የሚስት እንጂ የመርማሪ አይደለምና ተዉአቸው።

«እስኪመሽ» አለ ኢንጂነሩ።

«አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከላይ። አሸዋ እየጨመርኩ።»

«በስሙ አልጠራኸውም?»

«አልጠራሁም። እንደሚያንኳኩ ሳውቅ… ከመለስኩላቸው መክፈት ግድ ይሆንብኛል።»

ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ ገመድ አንገታቸውን ያያያዛቸው ምርኮኞች እግራቸው ሟሙቶ መራመድ አቁመዋል። ውሃው ከሥራቸው ቀይ ሆኖ ይፈስሳል፤ የሚያየው ግን አልነበረም። ወጣቱ ዓይኑን ከዶኛ ሳቢና እግር ወደ ፊታቸው አነሣ።

«ይህ ግድግዳ ምትክ የለውም አልኩ» አለ። «ሽማግሌው ግን ምትክ አላቸው ብዬ ነው እንግዲህ። እንዲህ ብዬ በቃል አላሰብኩትም፤ እጄ ግን እንዲህ ነው የሠራው። ተሳስቻለሁ፣ ዶኛ ሳቢና። ገና ሲያንኳኩ ነው የተሳሳትኩት፤ እስኪመሽም ድረስ መመለስ እችል ነበር። ተሳስቻለሁ።»